የአክስቴ ንጹሕ ጤፍ

ጅቡቲ የገባሁት ከሰሜኑ ጎረቤታችን ጋር ጦርነቱ ተነሥቶ የአገራችን ጭነት በሙሉ ወደዚህ ወደብ በዞረበት ሰሞን ነው። መርከቡ ሲበዛ ወረቀቱ በዛ፣ ወረቀቱ ሲበዛ ፈረንሳይኛ የሚሞካክር ሐበሻ ተፈለገ። እኔም ድሬዳዋ የለቃቀምኳትን ፈረንሳይኛ ይዤ አንድ የትራንዚት ቢሮ ውስጥ ጸሐፊ ሆንኩ። ማረፊያዬ ካርቲየ 4 በሚባለው ሰፈር፣ አክስቴ ቤት ነበር።

አክስቴ የእናቴ ታናሽ እህት ናት። ብዙ ዓመት ቀድማኝ መጥታ ለከባድ መኪና ሾፌሮች ምግብ ቤት ከፍታለች። ሾፌሮቹ ተሳቢያቸውን ከከተማው ዳር፣ ፔካ 12 የሚባለው መቆሚያ ያቆሙና በሚኒባስ ተጨናንቀው እሷ ዘንድ ይመጣሉ፤ ምክንያቱም በከተማው «ንጹሕ ጤፍ» የሚባለው የእሷ እንጀራ ነው። ይህን ስም ማን አወጣላት ቢሉ፣ ራሷ ናት። ጤፍ እዚህ ውድ ስለሆነ ሌሎቹ እንጀራ ሻጮች ስንዴውንም ሩዙንም ይደባልቃሉ። እሷ ግን አዲስ ሰው ገና ሳይቀመጥ «እኔ ቤት ድብልቅ የለም! ከዚህ ሊጥ ውስጥ ስንዴ ከተገኘ ማርያም ትፍረድብኝ!» ትላለች። ማርያምን በዚህ ጉዳይ በየቀኑ ታስቸግራት ነበር።

ሆዴን ያመመኝ እንደመጣሁ አይደለም፤ ትንሽ ከርሞ ነው። ጅቡቲ በዳቦ የምትኖር ከተማ ናት። ጠዋት ባጌት በሻይ፣ ቀን ፓስታ በሥጋ፣ ማታ የየመኖቹ የተጠበሰ ዓሣ ከነቂጣው፣ በመሐል ከራበሽ ደግሞ ሳምቡሳ። አገሬውን ለመምሰል ሁሉንም በላሁ። ሆዴ መጀመሪያ ተነፋ፣ ከዚያ ጮኸ፣ ከዚያ ያስሮጠኝ ጀመር። ቢሮአችን ውስጥ ሰው ሁሉ የሚሻማው ኤርኮንዲሽኑ ሥር ያለውን ወንበር ነበር። እኔ ግን ከመጸዳጃ ቤቱ በር አጠገብ ያለውን መረጥኩ፤ አለቃዬ ትሕትና መስሎት አመሰገነኝ። እያደር ቀሚሶቼ የሌላ ሰው ልብስ መሰሉ፣ ጸጉሬ በማበጠሪያ እየተነቀለ ይወጣ ጀመር፣ ደረጃ ስወጣ ዓይኔ ይጨልማል።

በዚያን ጊዜ ወደ የመን ለመሻገር በረሃውን በእግራቸው ያቋረጡ የአገሬ ልጆች አልፎ አልፎ አክስቴ ቤት ብቅ ይሉ ነበር። ከንፈራቸው የተሰነጠቀ፣ ጫማቸው ያለቀ ልጆች ናቸው። አንዷ ልጅ እኔን ከእግር እስከ ራሴ አየችኝና በእውነተኛ ኀዘን «እህቴ፣ አንቺ ደግሞ ከየት ጀምሮ ነው በእግርሽ የመጣሽው?» አለችኝ። ከፎቅ ላይ ቢሮ ነው የመጣሁት አላልኳትም።

ሐኪሞቹ ተራ በተራ ሞከሩኝ። አንዱ አሜባ አለኝ፣ ሌላው ጃርዲያ፣ ሌላው ታይፎይድ፣ የመጨረሻው ደግሞ «ማዳም፣ ጭንቀት ነው፤ ባል ያስፈልግሻል» ብሎ ፈገግ አለ። የሦስቱን መድኃኒት ዋጥኩ። የመጨረሻው ያዘዘውን ግን ፋርማሲ አጣሁት።

ሰፈሩ ከሐኪሞቹ ፈጠነ። ብቻዋን የመጣች፣ የከሳች፣ ሐበሻ ሴት፤ ከዚህ በላይ ምን ምርመራ ያስፈልጋል? ስሙን እንኳ አይጠሩትም፤ «ያ በሽታ» ነው የሚሉት። እኔ ሳልፍ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ፣ ግን መስማት እንዳይሳነኝ አድርገው ነው። አክስቴም ምንም ሳትናገር መጀመሪያ ብርጭቆዬን ለየች፣ ከዚያ ሳህኔን፣ ከዚያ «ደክሞሻል፣ ዕረፊ» ብላ ለሾፌሮቹ ምግብ ማቅረቡን አስተወችኝ። ተመረመርኩ፤ ነጻ ነሽ ተባልኩ። ደስ ያለኝ እኔ ብቻ ነበርኩ፤ ሰፈሩ ቅር አለው። አክስቴ «ማሽኑ አርጅቶ ይሆናል» አለች፣ ብርጭቆዬም እንደተለየ ከረመ። ከሕመሙ ሁሉ ይልቅ ያቺ ብርጭቆ ከፋችብኝ።

የሐበሻ ደግነት ደግሞ አይጣል ነው። ለታመመ ሰው ያለን መድኃኒት ምግብ ነው፣ ከምግብም የእህል። አንዷ የገብስ አጥሚት በፔርሙስ ትልካለች፣ ሌላዋ በሶ በማር ትበጠብጣለች፣ ከቤተ ክርስቲያን የምትመለሰው «የተባረከ ነው፣ ሳትነክሺ ዋጪው» እያለች ዳቦ ታጎርሰኛለች። ሱማሌዋ ጎረቤታችን ብቻ «አባዮ፣ እህቴ፣ ጠጪ» እያለች የግመል ወተት ታመጣልኝ ነበር፤ እሱም አንጀቴን ጠረገው እንጂ ክፋት አልነበረውም። ሰው በወደደኝ መጠን እየከሳሁ ሄድኩ። አንድ የሚጠላኝ ጎረቤት ቢኖረኝ፣ ምንም ስለማይልክልኝ፣ እሱ ያድነኝ ነበር።

በመጨረሻ ቢሮ ውስጥ ወረቀት እንደያዝኩ ወደቅሁ። አለቃዬ ደንግጦ ወደ አንድ ሽማግሌ ፈረንሳዊ ሐኪም ላከኝ። ሰውዬው ደሜን ወደ አገሩ ልኮ አስመረመረ፣ በጉሮሮዬ ቱቦ አስገብቶ ከአንጀቴ ቆንጥሮ አወጣ። ውጤቱ ሲመጣ «ማዳም፣ ጠላትሽ ባጌት ነው» አለኝ። እኔ ሳቅሁ። እሱ አልሳቀም።

በሽታው ሴልያክ ይባላል። ሐኪሙ ሥዕል እየሣለ ሲያስረዳኝ የገባኝ በራሴ ሥራ ነው። ስንዴ ውስጥ ግሉተን የሚባል ነገር አለ፤ ሆድ ጨርሶ ሊፈጨው ስለማይችል ቁርጥራጩ እስከ ትንሹ አንጀት ይደርሳል። በጤነኛ ሰው አንጀት ማንም ልብ ሳይለው ያልፋል። በእኔ ግን የአንጀቱን ግድግዳ ዘልቆ ሲገባ አንድ ጸሐፊ ይቀበለዋል። ጸሐፊው ኢንዛይም ነው፣ ክፋት የለበትም፤ ሥራው ስለሆነ ቁርጥራጩ ላይ ማኅተም ይመታበትና መልኩን ትንሽ ይለውጠዋል። በዘር የወረስኳቸው ዘበኞች ደግሞ ያንን ማኅተም ሲያዩ ያብዳሉ። «ጠላት ገባ!» ብለው ወታደር ይጠራሉ፤ ወታደሩም መጥቶ የገዛ ራሱን መጋዘን ያፈርሳል። አንጀት ውስጥ ምግብ የሚመጥጡ፣ እንደ ጋቢ ዘርፍ ያሉ ጥቃቅን ጣቶች አሉ። የእኔዎቹ ተላጭተው ለጥ ብለዋል፤ ስለዚህ የበላሁት ሁሉ ሳይራገፍ እንደመጣ ይመለሳል። የስንት አገር ወታደር በሰፈረበት ከተማ እየኖርኩ፣ የእኔ ወታደር ዳቦ ያሳድዳል።

ከሁሉ የገረመኝ መጨረሻው ነው። ሰውነቴ በስንዴው ብቻ አይበቃውም፤ ያንን ማኅተም የመታውን የገዛ ጸሐፊውን ጭምር ጠላት ብሎ ፀረ እንግዳ አካል ያመርትበታል። ሐኪሙ ደሜ ውስጥ ያገኘውም እሱን ነው። «ይሄማ በእኛም ሥራ ያለ ነው» አልኩት። ዕቃ ሲጠፋ ጋቦዴ እስር ቤት የሚወርደው ማኅተም መቺው ነው።

መድኃኒት የለውም፤ ስንዴንና ገብስን እስከ ዕለተ ሞት መተው ብቻ ነው። «የአገርሽ ሰው ምን ይበላል?» አለኝ። ጤፍ ስለው ከወንበሩ ሊነሣ ምንም አልቀረው። ጤፍ ይህ ጣጣ እንደሌለበት ያውቃል። «አንቺ ዕድለኛ ነሽ! የእኔ አገር በሽተኞች ካርቶን የመሰለ ዳቦ እየበሉ ያለቅሳሉ፣ አንቺ ግን ወደ እናትሽ ማዕድ መመለስ ብቻ ነው።» ዳንኩ ብዬ እየበረርኩ አክስቴ ዘንድ ሄድኩ።

አክስቴ ግን ተቆጣች። «ቅዱስ ቁርባን የሚሆነው ስንዴ ነው በሽታ የሆነው?» በዘር ይመጣል ስላት ደግሞ «በእኛ በኩል እንዲህ ያለ ነገር የለም፤ የአባትሽን ወገን ጠይቂ» አለች። የአባቴ ወገን ሩቅ ስለነበር ራሱን ሊከላከል አልቻለም። ሰፈሩም ደስ አላለውም። ያ በሽታ ቢሆን ኖሮ ቢያንስ ያውቁታል። አንድ ሾፌር «ዳቦ ማጣት ነው እንጂ ዳቦ እንዴት ሰው ይገድላል?» አለ፤ ቤቱ ሁሉ ሳቀ፣ አባባሉ ጥሩ ስለነበር እኔም ሳቅሁ። ያም ሆኖ አክስቴ በዚያው ሳምንት ብርጭቆዬን ከሌሎቹ ጋር መለሰችልኝ።

ባጌቱን፣ ፓስታውን፣ ሳምቡሳውን፣ ደጋግ ሴቶች የሚልኩልኝን አጥሚት ሁሉ ተውኩ። ጠዋት ፍርፍር፣ ቀን እንጀራ በሽሮ፣ ማታ እንጀራ በምስር፣ ሁሉም ከአክስቴ ሊጥ። መጀመሪያ ቀለል አለኝ። ከዚያ ተመልሶ መጣ። ሐኪሙ ደሜን እንደገና ቢያስመረምር ያ ፀረ እንግዳ አካል አልቀነሰም። «ማዳም፣ ተደብቀሽ ዳቦ ትበያለሽ» አለኝ። ማልኩለት። «ሁሉም ይምላል» አለ። በባጌት ናፍቆት እየተቃጠልኩ፣ ጠረኑ በየጠዋቱ በመስኮት እየገባ ሲያሰቃየኝ፣ በባጌት ሌብነት መከሰሴ አንገበገበኝ። ከክሊኒኩ ወጥቼ መንገድ ላይ አለቀስኩ።

አክስቴን እየፈራሁ ጠየቅኳት። «አክስቴ፣ ምናልባት እንጀራው ውስጥ ትንሽ ስንዴ…» ሳልጨርስ እጇን ወደ ሰማይ ሰቀለች። «ማርያም ትፍረድብኝ!» ስታቦካ ማንም እንዲያያት አትፈቅድም ነበር። ሊጥ ሰው ካየው ይበላሻል ብላ መጋረጃውን ትዘጋለች። የስንዴ ዱቄት ጆንያ ቤቱ ውስጥ እንዳለ አውቃለሁ፤ ግን ሳምቡሳም ትሸጥ ስለነበር ለጆንያው ምክንያት አላት። ደግሞስ ማርያምን ጠርታ የማለችን የእናት እህት፣ በቤቷ እየተኛሁ፣ በምን አፌ ውሸታም ልበላት? ይሉኝታ አፌን ያዘኝ።

እግሬ ማበጥ ሲጀምር ሐኪሙ «ምግብ የምታበስልልሽን ሴት ይዘሽልኝ ነይ» አለ። አክስቴ የክት ልብሷን ለብሳ፣ ሽቶ ተቀብታ መጣች። ፈረንሳይኛዋ ሰላም ማለቻው «ቦንዡር»ና ዋጋ መጠየቂያው «ኮምቢያን» ብቻ ስለሆነ አስተርጓሚዋ እኔ ሆንኩ፤ በራሴ ጉዳይ።

«እንጀራው ውስጥ ስንዴ ይገባል ወይ በያት» አለ ሐኪሙ።

«እሱ ጤፍ በዓይኑ አይቶ ያውቃል ወይ በዪው» አለች አክስቴ።

«አይገባም ትላለች» ብዬ አሳጠርኩት።

ሐኪሙ መነጽሩን አወለቀ። ከየትም ይምጣ፣ ስንዴው ካልቆመ አንጀቴ ምግብ መቀበሉን ጨርሶ ሊተው እንደሚችል፣ ነገሩ ወደ ካንሰርም ሊሄድ እንደሚችል፣ እንዲህ ከቀጠለ እንደምሞት ተናገረ። ይህንን ወደ አማርኛ ስመልስ ትንሽ ተቸገርኩ። የቢሮ ልማድ ሆነና ስለ ሌላ ሰው እንደማወራ ተረጎምኩት።

«እንዲህ ከቀጠለ ትሞታለች ይላል።»

«ማን?» አለች አክስቴ።

«እኔ።»

ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አጥብቃ ይዛ መሬት መሬቱን አየች። በታክሲ ስንመለስ ከባለ ታክሲው ጋር ዋጋ እንኳ ሳትከራከር ወረደች። አክስቴን ለሚያውቅ ይህ የሚያስፈራ ነገር ነው።

ስንደርስ ቀትር ሆኗል። የዕለቱ ጫት ሳይደርስ ከተማው ሁሉ በጥድፊያ የሚበላበት ሰዓት ስለሆነ ቤቱ በሾፌር ጢም ብሏል። ረዳቷ ሴት ምግቡን ታቀርባለች፣ አክስቴ በቀጥታ ወደ ጓዳ ገባች። ከሾፌሮቹ አንዱ ከወደቡ የእርዳታ ስንዴ የሚጭን ግዙፍ ሰውዬ ነበር፤ ባየኝ ቁጥር «ነፋስ እንዳይወስድሽ ኪስሽ ውስጥ ድንጋይ ያዢ» እያለ ይቀልድብኛል። በዚያ ቀን ግን ያበጠ እግሬን አይቶ አልቀለደም። ጥብሱን በእንጀራ ጠቅልሎ የጡጫ ያህል ጉርሻ አዘጋጀና ዘረጋልኝ።

«ነይ ከእጄ ጉረሺ።»

«አልችልም ጋሼ፣ ሐኪም ቤት ነበርኩ።»

«ዳቦ መች ሰጠሁሽ? የእትዬ ንጹሕ ጤፍ ነው! በሞቴ!»

ጉርሻ እምቢ አይባልም። እምቢ ካሉት እጁ ተዘርግቶ ይቀራል፣ ሰውም ሁሉ አንገቱን አዙሮ ያያል። ሰውዬው በሞቱ ለምኖኝ እኔ ስለ ራሴ ሞት ላወራው አፈርኩ። አፌን ከፈትኩ።

አክስቴ ከመጋረጃው ኋላ መቼ እንደወጣች አላየሁም። የሰውዬውን እጅ መታችው፤ ጉርሻው መሬት ላይ ወድቆ ተበተነ።

«አትብዪ! ስንዴ አለበት!»

ሾፌሮቹ ሁሉ ወደ እሷ ዞሩ።

«ግማሹ ስንዴ ነው» አለች፣ አሁን ቀስ ብላ። «ሁልጊዜም ግማሹ ስንዴ ነው። እንጀራ ከሆነ በኋላ ስንዴነቱ የሚቀር መስሎኝ ነው።» ከዚያ ደንበኞቿ አንድ በአንድ ተነሥተው ሲወጡ ለማየት በሩ አጠገብ ቆመች። ማርያምን አልጠራችም።

ማንም አልተነሣም። ግዙፉ ሾፌር ጣቱን እየጠረገ መሬት ላይ የወደቀውን ጉርሻ አየ። «እትዬ፣ ይህቺን እንኳ እናውቃለን» አለ። «ንጹሕ ጤፍ በዚህ ሙቀት እንዲህ ይለሰልሳል እንዴ? ዕድሜዬን ስንዴ ስጭን ኖሬ ስንዴ ይጠፋኛል?» ከወዲያኛው ጠረጴዛ አንዱ «ለልስላሴው ብለን አይደል የምንመጣው» አለ። ሌሎቹም ራሳቸውን ነቀነቁ።

«እያወቅህ ነው ልታጎርሰኝ የነበረው?» አልኩት።

ግራ ገባው። «አንቺ የተከለከልሽው ዳቦ ነው። ይሄ እንጀራ ነው።»

«ታዲያ ስንዴ እንዳለበት ለምን አልተናገራችሁም?»

እርስ በርስ ተያዩ። «ዝም አይነቅዝም ብለን ነዋ» አለ ግዙፉ ሾፌር። «ደግሞ ሴትዮዋ ለምን ትፈር?» ይህን ብሎ «እትዬ፣ እንጀራ ጨምሪ» አላት፤ ጨመረችለት።

ተናደድኩ፤ ዛሬም ሳስበው እናደዳለሁ። አንድም ሰው ላላመነው ውሸት ክብር ሲባል የእኔ አንጀት ሲላጭ ኖሯል። አክስቴ ለደንበኞቿ ዋሸች፣ ደንበኞቿ የተታለሉ መስለው በሉ፣ እኔ አክስቴን ላለማሳፈር ዝም አልኩ፤ ሁላችንም ጨዋዎች ነበርን። በዚያ ቤት ይሉኝታ ያልፈጠረበት አንጀቴ ብቻ ነበር። እሱ በየቀኑ እውነቱን ይናገር ነበር፤ እኛ ነን በሽታ ያልነው።

በማግስቱ አክስቴ መጋረጃውን ገልጣ፣ እያየኋት አቦካች። ለብቻው ዕቃ፣ ለብቻው ወንፊት፣ ሳምቡሳው ወደማይደርስበት ጥግ። ሊጡ ደርሶ የተጋገረው እንጀራ ጠቆር ያለ፣ ጠርዙ የተሰነጣጠቀ፣ ሲያጥፉት የሚቆረስ ነበር። አጠገቤ ቆማ ስበላ አየችኝ።

«ይጎመዝዛል?» አለች።

«ትንሽ።»

«ጤፍ እንዲህ ነው» አለች። ከዚያ አጠገቤ ተቀምጣ ከሳህኔ ቆርሳ ከእኔ ጋር በላች። ይቅርታ አልጠየቀችኝም፤ ብትጠይቀኝም ኖሮ ሁለታችንም የምንገባበት ይጠፋን ነበር።

ወራት ፈጀ እንጂ እብጠቱ ጎደለ፣ ጸጉሬ በቀለ፣ ቀሚሶቼ የራሴ ሆኑ። ሐኪሙ የደሜን ውጤት አይቶ «በመጨረሻ ዳቦውን መስረቅ ተውሽ» አለኝ። አላረምኩትም፤ ነገሩ ረጅም ነው፣ ለፈረንሳዊ ይሉኝታን ማስረዳት ደግሞ ከሴልያክ ይከብዳል።

ሾፌሮቹ መምጣታቸውን አልተዉም፣ ቤቱም ንጹሕ ጤፍ ቤት መባሉን አልተወም። ግማሹ ስንዴ መሆኑን አሁን ሁሉም ያውቃል፣ ማንም ግን አያነሣውም። አንድ ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ጅቡቲ የወረደ አዲስ ሾፌር ገብቶ ገና ሳይቀመጥ «እትዬ፣ ጤፉ ግን ንጹሕ ነው?» አላት። የነበሩት ሁሉ አንገታቸውን ወደ ሳህናቸው ደፉ። አክስቴ ከልማዷ የተነሣ እጇን ወደ ሰማይ ልትሰቅል ጀመረች። ከዚያ ጥግ ላይ ተቀምጬ ጥቁሩን እንጀራዬን ስቆርስ አየችኝና እጇን መለሰች።

«የእሷ አዎ» አለች።